አላየሁም

ከደምበጫ ወርዶ ተምጫን ለሚሻገር፣
ከድልድዩ ግርጌ አለ አንድ ባላገር።
ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ማታም አሥራ ሁለት፣
ከወንዙ መሀል የቆመ፣ ቁጥር የተጻፈበት
የብረቱን ዘንግ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤
ውሃው የደረሰበትን በደብተር ያሰፍረዋል።
ስሙ ይርሳው ነው። ስም ግን መቼ ያዛል?
የሃያ ሁለት ዓመት ውሃ በደብተሩ ይዟል።

እኔ ከባሕር ዳር ላፕቶፔን አዝዬ፣
ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አንጠልጥዬ
መጣሁ። ሦስት አገሮች በአንድ ውሃ ጉዳይ
ሊመክሩ ነው፣ አልሁት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤
ሊቀርብላቸው ነው እኛ የምናጠናው፣
ጎርፉ መቼ ያይላል፣ ድርቁስ ምን ያህል ነው።

ሳጥኑን ከፈተ። አይጥ ጥግ ጥጉን የቀመሰው፣
ላብና ጭቃ የነካው፣ ዝናብ ያረሰረሰው
ባለ አምሳ ሉክ ደብተር፣ አርባ ሦስት ቆጠርሁ።
እዚያው መደብ ላይ ሆኜ ገጽ በገጽ ቀዳሁ።
ነሐሴ ላይ ስደርስ፣ ያውም የጎርፉ ዓመት፣
ሦስት ረድፍ አገኘሁ ቁጥር የሌለበት።
ሦስቱም ጋ አንድ ቃል፣ በሰማያዊ ቀለም፦
አላየሁም።
አላየሁም።
አላየሁም።

«እኅቴን ልቀብር ፈረስ ቤት ሄጄ ነበር።
ልጄ፣ ‹የካቻምናውን ብንገለብጠው ምን ችግር?
ማን ያውቃል?› ቢለኝ፣ ‹ወንዙ ያውቃል› አልሁት።
ባዶውን አልተውሁም፤ አለማየቴን ጻፍሁት።»

ባሕር ዳር ተመልሼ፣ ቢሮዬ፣ በሌሊት፣
በሦስቱ ባዶ ቤት አማካይ ሞላሁበት።
ኮምፒውተሩ ደስ አለው፤ መስመሩ ሳይሰበር
ከሐምሌ መስከረም ተንሸራቶ ይወርድ ነበር።
ቆንጆ ጎርፍ። ደለል የሌለው፣ ድምፁ የማይታወቅ፣
ግንድ የማይጠርግ፣ ጥጃ ከነገመዱ የማያንቅ።

ሁለት ሌሊት አደርሁ ከዚያ መስመር ጋራ፤
በሦስተኛው አጠፋሁት።
«ቀዳዳ ያለው ጥናት በማን ፊት ሊያኮራ?»
ብለው አቶ ሙጬ ተቆጡኝ። ሆኖም ሄደ እንዳለ፣
በግርጌው ተጽፎ ለምን እንደ ጎደለ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ውሃውም በጠርሙስ።
«ቁጥራችሁ ያጠራጥራል!» «የናንተስ?» እስኪመሽ ድረስ።
ከታችኛው አገር የመጣ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
ያችን ነሐሴ በጣቱ ነካት፣ ቀስ ብሎ ጠይቆ፦
«እነዚህ ሦስት ቀኖች?»
አስተርጓሚዋ ሁለት ጊዜ ደገመችው
የይርሳውን ቃል፤ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነው መሰል፣
ሁለተኛው ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገችው።
ሰውዬው ዝም አለ። የራሱን መዝገብ አወጣ፦
ለኪያቸው ወባ ይዞት፣ ዘጠኝ ቀን ከቤት ያልወጣ።
«እኛም አላየንም» አለ። «ሞልተነው ነበር በእርሳስ።»
ከዚያ በኋላ ማንም አልጮኸም እስከ ምሳ ድረስ።

ስምምነት አልተፈረመም። ጋዜጣም አልጻፈው።
አንድ አንቀጽ ብቻ ነው ከሳምንቱ የተረፈው፦
በየወሩ መባቻ የየወንዙ ከፍታ
አገር ለአገር ይላክ፣ ከነባዶ ቦታ።

ጥቅምት ላይ ተመለስሁ። ተምጫ ጠርቷል፣ ጎድሏል።
ነገርሁት። «እና» አለኝ፣ «የነሱ ሰው በስንት ሰዓት ያያል?
እንደኔ ማለዳ ነው? ብርድስ አለ እዚያ?»
ስንት ገጽ ጽፌያለሁ በዚያ ወንዝ ዙሪያ፤
ይህን አልጠየቅሁም።

«አላውቅም» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፣
ደህና መልስ እንደ ሰማ። ቀኑም ዘቀዘቀ።
አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ብዕሩን ሰጠኝና፣
«እስቲ ዛሬ አንቺ እዪው።» ጫማዬን አወለቅሁና
ወረድሁ። ውሃው ዘንጉን ይልሳል፣ ይለቅቃል፤
ሠላሳ አራት? አምስት? ሞገዱ ይዋልላል።
ደብተሩ ተከፍቷል፤ እጄ እንደ መነሣት ቀና
ብሎ ይጠብቃል።

አልጻፍሁም ገና።